ኖኅ ለምን አንድ ዓይን ኖረው?

ባለፈው ደምበጫ ስገባ ለእህቴ ልጅ ስጦታ ይዤለት ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው። ስጦታው ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ ዋጋውም እንደ ወረቀቱ። አዲስ አበባ ላይ ስገዛው በልቤ «አክስት ማለት እንዲህ ናት» ብያለሁ።

ልጁ መደብ ላይ ተቀምጦ ገጹን አንድ በአንድ ገለጠ። ኖኅ መርከብ የሚሠራበት ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ኖኅ ጺሙ ነጭ ነው፣ መዶሻ ይዟል፣ ሠዓሊው በጎኑ ነው የሣለው። ልጁ ጣቱን የኖኅ ፊት ላይ አሳረፈና ቀና ብሎ አየኝ።

«አክስቴ፣ ይሄ ክፉ ሰውዬ ነው አይደል?»

«ኧረ በስመ አብ! ኖኅ ነው እኮ። እንስሳቱን ያዳነው።»

«ታዲያ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው?»

እኔ መልስ አልነበረኝም። መልሱን የሰጠችኝ ቡና የምትቆላው እናቴ ናት። «ልጁ ምን አጠፋ? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንድ ዓይን ያለው ማነው? ይሁዳ አይደል? ሰይጣን አይደል?» ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

እናንተም በሚቀጥለው ስትሄዱ ልብ ብላችሁ እዩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ይሣላል። ክፉው በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሁዳ እንደዚያ ነው፣ አጋንንቱ እንደዚያ ናቸው፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮችም እንደዚያ ናቸው። ይህንን ለልጁ ቁጭ አድርጎ ያስተማረው ሰው የለም። መጀመሪያ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ ኋላ ነጠላዋን ይዞ፣ ቅዳሴው ሲረዝምበት ግድግዳውን ሲያይ ነው የለመደው። እኔ ደግሞ «ገና ማንበብ ስለማይችል ሥዕል ይይ» ብዬ ነበር መጽሐፉን የገዛሁት። ለካ ልጁ ማንበብ ከጀመረ ቆይቷል፤ መጽሐፉ ነው በማያውቀው ቋንቋ የተሣለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ አልለቀቀኝም። ለትንንሽ ልጆች ስለ እምነታቸው ባለ ሥዕል መጽሐፍ መጻፍ ምን ማለት ነው? ቀላል ሥራ ይመስለኝ ነበር። አጭር ነዋ! ሃያ ዓረፍተ ነገር የማይጽፍ ማነው?

ልጁ በዚህ ዕድሜው ትምህርት ቤት መሆን ነበረበት። ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሆነውን ታውቁታላችሁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ጠፍቶ ከረመ። እናቴ ነገሩ እስኪጠራ አልጠበቀችም፤ ልጁን እንደ ድሮው የኔታ ዘንድ ላከችው። እዚያ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። ፊደለ ሐዋርያ ማለት የዮሐንስ መልእክት ነው፣ ያውም በግእዝ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሕፃን መጀመሪያ የሚያነበው መጽሐፍ ቤቱ ውስጥ በማይነገር ቋንቋ የተጻፈ የሐዋርያ መልእክት ነው! መንገዱ ስንት ሊቅ እንዳፈራ ለጎጃም ሰው አይነገርም፤ የነዋሸራና የነዲማ አገር ነው። እኔም አልከራከርም። ግን የልጁ ምላስ የኔታ ዘንድ ነው፣ ዓይኑ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ነው፣ እጁ ላይ ደግሞ ምንም የለም። ማታ ቤት ሲገባ እጁ ላይ የሚገባው የእናቱ ስልክ ነው፤ እዚያ ላይ ምን እንደሚያይ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

በአራትና በሰባት ዓመት መካከል ላለ ልጅ፣ በሚገባው አማርኛ፣ በሚያውቀው የሥዕል ወግ የተሠራ፣ የራሱን እምነት የሚነግር መጽሐፍ ፈልጌ በከተማችን አላገኘሁም። አዲስ አበባ አንዳንድ አለ። ግን አብዛኛው ያየሁት ወይ የአዋቂ ስብከት ላይ ሥዕል የተለጠፈበት ነው፣ ወይ እንደኔው ኖኅ ተተርጉሞ የመጣ።

የሚገርመው በሥዕላዊ መጽሐፍ እኛ የትናንት ልጆች አይደለንም። ዓድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት ባለ ሥዕል ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ባለው ጊዜ የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል፤ በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታዊ ሥዕላዊ ወንጌሎች ይመደባሉ። አውሮፓውያን ለልጅ ተብሎ ለተዘጋጀ ሥዕላዊ መጽሐፍ መነሻ አድርገው የሚጠቅሱት የኮሜኒየስን ሥራ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1658 ሲሆን ሰውየው የሃይማኖት አባት፣ ጳጳስም ነበር። እንግዲህ እኛ ብራና ላይ ስንሥል ከሺህ ዓመት በላይ እንቀድማለን። የቀረን ሥዕሉን ወደ ልጅ እጅ ማውረድ ነው። ብራናው በዕቃ ቤት ይቀመጣል፣ ግድግዳው አይነቀልም።

ተረት ላይስ የተሻለ ሠርተናል። የደብረ ማርቆስ አካባቢው ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው በፊት «ተረት ተረት የመሠረት»ን አውጥተው ነበር። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነግረውናል፤ ወላጆቻችን በእሳቸው ነው ያደጉት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልግ አጣ። «ሞኙ ማሞ»ን በሥዕል አድርጎ በሁለት ቋንቋ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየተጎተተ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ሄደ። አንድ ሰው ከመደርደሪያ ባዶነት ተነሥቶ ይህን ያህል ከሠራ እኔ አንድ መጽሐፍ አያቅተኝም አልኩ።

አቃተኝ እንጂ!

የመረጥኩት ታሪክ የቅዱስ ያሬድን ነው። ታሪኩን የማታውቁ ካላችሁ በአጭሩ፦ ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት በአክሱም የሚኖር ልጅ ነው። ትምህርት አልገባው ይለዋል፤ አጎቱና መምህሩ አባ ጌዴዎን ይገርፉታል፤ ጠፍቶ ይሄዳል። መንገድ ላይ ዛፍ ሥር ሲያርፍ አንዲት ትል ግንዱን ስትወጣ ያያል። ትወጣለች፣ ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ትወጣለች። ልጁ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ይመለሳል። ኋላ ድጓን የደረሰው፣ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ዜማውን የሠራው እሱ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ረቂቄ ዘጠኝ መቶ ቃል ሆነ። ለልጁ አነበብኩለት። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ በር ላይ የምትጭረውን ዶሮ ማየት ጀመረ። ሁለተኛው ረቂቅ አራት መቶ፤ ዶሮዋን ያየው ትንሽ ዘግይቶ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ሥዕሉ የሚናገረውን እኔም እየደገምኩ እናገር ነበር። ዛፉ ተሥሎ ሳለ «በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር» እላለሁ። ልጁ እያለቀሰ ተሥሎ ሳለ «እጅግ አዘነ» እላለሁ። ልጅ ደግሞ ያየውን ነገር ሲነግሩት ይሰለቻል፤ «አየሁት እኮ!» ነው የሚለው። ስለዚህ እስክሪብቶ ያዝኩና ሥዕል ሊያሳየው የሚችለውን ቃል ሁሉ ሰረዝኩ። ከአራት መቶው ውስጥ ስልሳ ያህል ቀሩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጨረሻዋን ገጽ መሰረዝ ነው። «ስለዚህ ልጆች፣ እናንተም እንደ ትሏ...» ብላ የምትጀምር ገጽ ነበረች። ኮራሁባት ነበር፤ እውነቴን ነው። ለልጁ ሳነብለት ግን መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ወደ ኋላ ገለጠና ትሏ ያለችበት ገጽ ላይ ተመለሰ። እኔ ገና «ስለዚህ ልጆች» ላይ ነኝ። ያቺን ገጽ በዚያው ቀን ቀደድኳት። እኛ አገር የልጆች መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህቺን ገጽ የሚጽፋት ለወላጁ ይመስለኛል፤ ገንዘቡን የሚከፍለው እሱ ስለሆነ።

ቀጥሎ ጦሩ መጣ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ያሬድ ሲዘምር የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ፣ ደሙ ሲፈስ ይታያል፤ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው አላወቁትም። ከተማ ያሉ ጓደኞቼ «ለልጅ ደም? አብደሻል?» አሉኝ። ደምበጫ ያለው ልጅ ግን ይህን ሥዕል ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያየዋል፤ ሳላስበው «አክስቴ፣ ጦሩስ?» ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው። ያስወጣሁት በፍርሃት አይደለም። ጦሩ ሌላ ታሪክ ነው፤ ያሬድ አድጎ የሚሆነው። የኔ መጽሐፍ ስለ ትንሹ ያሬድ ነው። ሁለቱን ታሪክ አንድ ላይ ብከት ትሏ ትጠፋለች።

ጎረቤታችን ሙስሊም እናት አለች፤ ልጆቿ ከእህቴ ልጅ ጋር ነው የሚጫወቱት። አንድ ማታ ይህን ሁሉ ሳወራላት ሳቀችብኝ። «አንቺ ስንት ዓይን ልሣል ብለሽ ትጨነቂያለሽ፤ እኛማ የነቢያትን ፊት ጭራሽ አንሥልም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለሙስሊም ልጆች የሚዘጋጁ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የነቢያትን መልክ አያሳዩም፤ መንገዱን፣ ግመሉን፣ መርከቡን፣ ብርሃኑን አሳይተው ታሪኩን ይነግራሉ። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ ሐበሻ የተሰደዱበት ታሪክ ባሕሩንና ጀልባውን ብቻ በመሣል እንዴት ያማረ መጽሐፍ እንደሚወጣው አስቡት። ከእሷ ጋር ካወራሁ በኋላ ከረቂቄ ላይ ሁለት ሥዕል ቀነስኩ።

ከዚያ ወደ የኔታ ሄድኩ። የሃይማኖት መጽሐፍ በራስ ሥልጣን አይበተንም፤ ለኅትመት የሚበቃ ከሆነ በቤተ ክርስቲያኒቱ የሚመረምረው የሊቃውንት ጉባኤ አለ። እኔ ግን መጀመሪያ ልጁን የሚያውቁት ሰው እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። እናቴ መንገድ ላይ አስጠነቀቀችኝ፤ «ግርፋቱን አውጪው። ልጁ የኔታን ይጠላል፤ እሳቸውም ይቀየሙሻል» አለች። እኔም ላወጣው ወስኜ ነበር።

የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወደ ፀሐዩ ያዙት። ቀስ ብለው ገለጡ። ግርፋቱ ላይ ሲደርሱ «ይህንን አወጣዋለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ልጆቹ እንዳይፈሩ ብዬ።»

«ካልተገረፈ ለምን ሄደ? ካልሄደ ትሏን የት አያት?» አሉኝ። ትንሽ ዝም አሉና «እኔም ገርፌያለሁ። ልጆቹ ያውቁታል። ብታወጪው ውሸታም የምትሆኚው አንቺ ነሽ» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን የአባ ጌዴዎን ሥዕል ላይ አሳረፉ፤ ልክ የእህቴ ልጅ ኖኅ ላይ እንዳሳረፈው። «መምህሩን ግን ምን በደሉሽ?»

አየሁት። አባ ጌዴዎንን በጎን ነበር የሣልኳቸው፤ አርጩሜውን ሲያነሡ በጎን መሣሉ ስለቀለለኝ። አንድ ዓይን! ከኖኅ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ካወራሁ በኋላ!

«ይግረፍ። ግን ሁለት ዓይን ስጪው» አሉኝ የኔታ።

እሺ፣ መጽሐፉ ተጻፈ እንበል። አሁን ወደ እኔ ሙያ እንምጣ። አንድ ማተሚያ ቤት ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ስሙ ይቅር። ባለ ሙሉ ቀለም ኅትመት አራት ፕሌት ይፈልጋል፤ ለሰማያዊ፣ ለቀይ፣ ለቢጫና ለጥቁር። ፕሌቱ መቶ ቅጂም ብታሳትሙ አሥር ሺህም ብታሳትሙ ዋጋው ያው ነው። ትምህርት ቤት ፊክስድ ኮስት ብለው ያስተማሩኝን ነገር ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት። ሰውየው «ከአንድ ሺህ በታች ማሽን አላስነሣም» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ የወረቀቱ ዋጋ ጨምሯል። በኪሴ ያለው ለሽፋኑም አይበቃ።

ኖኅ ለምን አንድ ዓይን እንደኖረው የገባኝም ያኔ ነው። በውጭ አገር አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ለብዙ ቋንቋ ሲታተም ሦስቱ የቀለም ፕሌቶች አይለወጡም፤ የሚለወጠው ጽሑፉ ያለበት የጥቁሩ ፕሌት ብቻ ነው። ወጪው ለብዙ አገር ይከፋፈላል፤ መጽሐፉም ይረክሳል። ሥዕሉ ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ተሥሎ ቀርቷል። ቃሉ አማርኛ ይሆናል፣ ኖኅ ባለበት ይቆያል። ክፋት የለበትም፤ ሒሳብ ነው።

«ገበያ የለም» የሚባለውን ግን አልቀበልም። በንግሥ ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማችሁ ቁጠሩ። ሥዕለ አድኅኖ ይሸጣል፣ መዝሙር ይሸጣል፣ የጸሎት መጽሐፍ ይሸጣል፣ የፊደል ገበታ ይሸጣል። ገጠር ያለ ሰው ለእምነቱና ለልጁ ገንዘብ ያወጣል። ኅዳር 12 ቀን ሚካኤል ሲነግሥ የሚሰበሰበውን ሕዝብ የሚያህል ደንበኛ የትኛው የመጽሐፍ መደብር አለው? የጎደለው ገዢ አይመስለኝም፤ ከአንድ ሥዕለ አድኅኖ ዋጋ ያልበለጠ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን አሳነስኩት። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ዘርጉት፤ ስምንት ክፍል ይሆናል። መሃሉን በመቀስ ቀዳችሁ መልሳችሁ ስታጥፉት ስምንት ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ትወጣለች። የሚታተመው በአንድ ጎን ብቻ ነው፣ ቀለም የለውም፣ ከተማ ውስጥ ያለ የትኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራዋል። ልጁ ራሱ በእርሳስ ይቀባዋል። ፋይሉን በቴሌግራም ላኩት፤ ኔት ሲጠፋ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል።

ስምንት ገጽ ደግሞ ጨካኝ ነው። ስልሳው ቃልም በዛ። ሽፋኑ «ያሬድና ትሏ» ይላል። ከዚያ ትናንት የተማረውን ዛሬ ይረሳል። የኔታ ይቆጣሉ፣ በሁለት ዓይናቸው። ይሄዳል። ዛፍ ሥር ትል ያያል። ስድስተኛው ገጽ ላይ ትሏ ስድስት ጊዜ ትወጣለች፣ ስድስት ጊዜ ትወድቃለች። ሰባተኛው ላይ ያለው «ወጣች።» ብቻ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ቃል የለም፤ ያሬድ በመጣበት መንገድ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ይመለሳል።

የመጀመሪያዋን ቅጂ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። ቡና እየተፈላ ነበር። ሽፋኑን አየ፣ የኔታን አየና ሳቀ፣ ስድስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። «ወጣች፣ ወደቀች። ወጣች፣ ወደቀች።» ስድስት ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋና ቀና ብሎ አየኝ።

«አክስቴ፣ ትሏ ክፉ ናት?»

ግንድ ስትወጣ ከጎን ነው የምትታየው። ስድስቱንም በጎን ሥያቸዋለሁ። ስድስት አንድ ዓይን።

«አይደለችም» አልኩት።

«ታዲያ እስክሪብቶ ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ምላሱን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ለስድስቱም አንድ አንድ ዓይን ጨመረላቸው፤ ከዚያ ለሰባተኛዋ። የአራተኛዋ ዓይን ከጭንቅላቷ ወጥቶ ቅርንጫፉ ላይ ነው ያረፈው። በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ይዤ የሄድኩት የኔን ንጹሕ ቅጂ ሳይሆን ያንን ነው፤ አሁን የሚባዛውም እሱ ነው።